የግዥ ክፍል የሥራ አፈጻጸም መለኪያ

የግዥ ክፍል የሥራ አፈጻጸም መለኪያ የአንድ ድርጅት ግዥ ክፍል የተጠየቀውን ዕቃ ወይም አገልግሎት በተገቢው ዋጋ፣ በተፈለገው ጊዜና በሚፈለገው ጥራት ማቅረቡ በቁጥር የሚታወቅበት ዘዴ ነው። በፋብሪካ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲና በንግድ ድርጅት ውስጥ ከሚወጣው ገንዘብ ከፍተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በግዥ ክፍል በኩል ስለሆነ፣ የክፍሉ ድክመትም ሆነ ብርታት በድርጅቱ ትርፍና ኪሳራ ላይ በቀጥታ ይታያል።

በተለምዶ የግዥ ሠራተኛ የሚመሰገነው ዋጋ በማስቀነሱ ነው። ሆኖም ዋጋ ብቻውን የተሟላ መለኪያ አይደለም። በርካሽ የተገዛ መለዋወጫ ቶሎ ከተሰበረ፣ ወይም ርካሹን ለማግኘት ሲባል ዕቃው ዘግይቶ ማሽን ከቆመ፣ በግዥ ክፍሉ ሪፖርት ላይ «ቁጠባ» ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ በምርት ክፍሉ ሪፖርት ላይ ኪሳራ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አፈጻጸም የሚለካው ቢያንስ በዋጋ፣ በጊዜና በጥራት በአንድነት ነው።

የግዥ ሂደትና የሚመዘገቡ ቀኖች

በኢትዮጵያ ድርጅቶች የተለመደው የግዥ ሂደት የሚከተለው ነው።

1. ዕቃውን የሚፈልገው የሥራ ክፍል የግዥ መጠየቂያ ሞልቶ ያቀርባል።
2. ዕቃው በመጋዘን አለመኖሩና በጀት መኖሩ ይረጋገጣል።
3. ግዥ ክፍሉ ከአቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበስባል ወይም ጨረታ ያወጣል።
4. ዋጋና የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ተነጻጽሮ አሸናፊው ይለያል፤ የግዥ ማዘዣ ይሰጠዋል።
5. ዕቃው ሲመጣ ጥራቱና ብዛቱ ተመርምሮ ንብረት ክፍል ይረከባል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመረከቢያው ሰነድ ሞዴል 19 ይባላል።
6. ሒሳብ ክፍል ማዘዣውን፣ መረከቢያውንና የአቅራቢውን ደረሰኝ አመሳክሮ ይከፍላል።

በእያንዳንዱ ደረጃ ቀን ካልተመዘገበ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት መለኪያዎች አብዛኞቹ ሊሰሉ አይችሉም። በብዙ ቦታ የሚመዘገበው የማዘዣው ቀንና የክፍያው ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃው ሲዘገይ የዘገየው የት እንደሆነ አይታወቅም።

ዋና ዋና መለኪያዎች

የተገኘ ቁጠባ። በመነሻ ዋጋና በተከፈለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በተገዛው ብዛት ተባዝቶ ይገኛል።

የወጪ ጭማሪን ማስቀረት። አቅራቢው ሊጨምር የነበረውን ዋጋ በድርድር ማስቀረት ነው። ገንዘቡ ከበጀት ላይ ስለማይቀነስ ከቁጠባ ጋር ሳይደመር ለብቻው ሪፖርት ይደረጋል።

በቀኑና በሙሉ የቀረበ ትዕዛዝ። በውሉ ቀን፣ በሙሉ ብዛትና በትክክለኛ ጥራት የገቡ ትዕዛዞች ለጠቅላላው ትዕዛዝ ተካፍለው ይገኛል። ለምሳሌ ከ200 ትዕዛዞች 170ዎቹ በቀናቸው ቢገቡ በጊዜ ብቻ ሲለካ ውጤቱ 85 በመቶ ነው። ከእነዚህ 20ዎቹ ጎድለው ወይም ጥራታቸው ወርዶ የመጡ ከሆነ ግን ውጤቱ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል።

ተመላሽ ዕቃ። በምርመራ ወድቆ የተመለሰው ብዛት ለቀረበው ብዛት ይካፈላል።

የግዥ ዑደት ጊዜ። መጠየቂያው ከቀረበበት ቀን እስከ ርክክቡ ያለው የቀን ብዛት ነው።

አስቸኳይ ግዥ። ከዕቅድ ውጭ በጥድፊያ የተፈጸሙ ግዥዎች ከጠቅላላው ያላቸው ድርሻ ነው። ከፍ ካለ የዕቅድ ድክመትን ያመለክታል።

የዕቃ ማለቅ። አስፈላጊ ዕቃ ከመጋዘን ጠፍቶ ሥራ የቆመበት የሰዓት ወይም የቀን ብዛት ነው።

የክፍሉ የራሱ ወጪ። የተገኘው ቁጠባ ክፍሉን ለማንቀሳቀስ ለወጣው ገንዘብ ይካፈላል። በዓመት 6 ሚሊዮን ብር የቆጠበና 1.5 ሚሊዮን ብር የወጣበት ክፍል የወጣበትን 4 እጥፍ መልሷል ማለት ነው።

የዋጋ ቁጠባ የሚያሳስትበት ሁኔታ

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለአንድ ማሽን ኩሽኔታ ሲገዛ ሁለት ምርጫ አለው እንበል። አንደኛው 25,000 ብር፣ ሁለተኛው 18,000 ብር ነው። ርካሹን የመረጠ የግዥ ሠራተኛ 28 በመቶ ቁጠባ ያስመዘግባል። ውድው ኩሽኔታ 12 ወር፣ ርካሹ 4 ወር የሚያገለግል፣ አንዱን ለመቀየር ማሽኑ 6 ሰዓት የሚቆም፣ በአንድ ሰዓት የሚታጣው ምርትም 20,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ የዓመቱ ሒሳብ እንዲህ ይሆናል።

• ርካሹ፦ 3 ኩሽኔታ 54,000 ብር፣ የ18 ሰዓት ማሽን መቆም 360,000 ብር፤ በድምሩ 414,000 ብር።
• ውድው፦ 1 ኩሽኔታ 25,000 ብር፣ የ6 ሰዓት ማሽን መቆም 120,000 ብር፤ በድምሩ 145,000 ብር።

የ7,000 ብር ቁጠባ ተብሎ የተመዘገበው ግዥ በዓመት 269,000 ብር አሳጥቷል። ከመግዣው ዋጋ ሌላ የማጓጓዣ፣ የመትከል፣ የጥገና፣ የመቆምና የማስወገድ ወጪን አንድ ላይ የሚይዘው ስሌት ጠቅላላ የባለቤትነት ወጪ ይባላል። ለማሽንና ለመለዋወጫ ግዥ ከነጠላ ዋጋ ይልቅ ይህ ይመረጣል። ለእስክሪብቶና ለወረቀት ግን ነጠላ ዋጋ በቂ ነው።

የመነሻ ዋጋና የምንዛሪ ለውጥ

ቁጠባ የሚሰላው ከአንድ መነሻ ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ፣ መነሻው ያለፈው ዓመት ዋጋ፣ የበጀት ግምት ወይስ የወቅቱ ገበያ ነው የሚለው ውጤቱን ይወስነዋል። በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ጎልቶ የወጣው ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በባንኮች ከ100 ብር በላይ ተመነዘረ።

አንድ መለዋወጫ 1,000 ዶላር ያወጣ ነበር እንበል፤ በ57 ብር ሒሳብ 57,000 ብር ነው። ግዥ ክፍሉ ተደራድሮ ዋጋውን ወደ 950 ዶላር ቢያወርደውና ምንዛሪው 110 ብር ቢደርስ፣ የሚከፈለው 104,500 ብር ይሆናል። በብር ሲታይ ዋጋው 83 በመቶ ጨምሯል፤ በዶላር ሲታይ ደግሞ 5 በመቶ ቀንሷል። ጥሩ የተደራደረውን ሠራተኛ በብሩ ቁጥር መውቀስ ስሕተት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ቁጠባ በተገዙበት የውጭ ገንዘብ፣ የአገር ውስጥ ዕቃዎች ደግሞ ከወቅቱ የገበያ ዋጋ ጋር ተነጻጽረው ቢሰሉ ይሻላል። የምንዛሪው ልዩነት ለብቻው ይመዘገባል።

ጊዜን መከፋፈል

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ ተጠያቂ የሚደረገው ግዥ ክፍል ነው። ነገር ግን ከጠቅላላው ጊዜ በክፍሉ እጅ ያለው ከፊሉ ብቻ ነው። ለአንድ በደብረ ብርሃን ለሚገኝ ፋብሪካ የታዘዘ ዕቃ በ150 ቀን ገባ እንበል። ከመጠየቂያ እስከ ማዘዣ 30 ቀን፣ የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶ ኤል ሲ እስኪከፈት 60 ቀን፣ ዕቃው ተመርቶ በመርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ 45 ቀን፣ ከጅቡቲ በደረቅ ወደብና በጉምሩክ አልፎ ደብረ ብርሃን እስኪገባ 15 ቀን ወስዷል። ግዥ ክፍሉ የራሱን 30 ቀን በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ጠቅላላው ጊዜ የሚያጥረው በ10 በመቶ ብቻ ነው። ባንኩ የወሰደውን 60 ቀን ክፍሉ ሊያሳጥረው ባይችልም አስቀድሞ በማቀድ ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ የሚመዘነው በራሱ 30 ቀን እና መጠየቂያው በጊዜ እንዲመጣ ባደረገው ጥረት ነው።

በሰሜን ሸዋ የዚህ ዓይነት መጓተት የቆየ ታሪክ አለው። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ከቀይ ባሕርና ከአደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚመጣው ሸቀጥ በግመል የአፋርን ቆላ አቋርጦ ወደ ከፍታው ይወጣ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርቱር ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ (1878 ዓ.ም.) ታጁራ ደረሰ። የመሣሪያ ንግድ ክልከላ፣ የአጋሩ የፒየር ላባቱ ታሞ መሞትና ግመል የማሰባሰብ ችግር ተደራርበው አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በባሕሩ ዳር አቆዩት። በኦክቶበር 1886 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ በፌብሩዋሪ 1887 እ.ኤ.አ. (1879 ዓ.ም.) አንኮበር ገባ። ጉዞው 4 ወር ገደማ ሲወስድ መጠበቁ ከዚያ በእጅጉ በልጧል።

ራምቦ ሲደርስ ምኒልክ አንኮበር አልነበሩም፤ የሐረር ዘመቻቸውን በድል ጨርሰው ነበር። ነጋዴው እንጦጦ ድረስ ሄዶ ሲያገኛቸው፣ ንጉሡ በሐረር ሌላ መሣሪያ ስላገኙ ጠመንጃውን ከተጠበቀው ባነሰ ዋጋ ወሰዱ፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ቀነሱ፤ ክፍያውንም ሐረር ላይ በመኮንን በኩል እንዲፈጸም አዘዙ። በዋጋ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ለገዥው እጅግ የተሳካ ግዥ ይለዋል። በጊዜ ሲለካ ግን ዕቃው የደረሰው ዘመቻው ካለቀ በኋላ ነው፤ ዋጋው የወረደበት አንዱ ምክንያትም አስቸኳይ ፍላጎቱ በማለፉ ነው። ዋጋና ጊዜ ለየብቻ ሲታዩ የተለያየ ፍርድ እንደሚሰጡ ታሪኩ በግልጽ ያሳያል።

ጥራት፦ የብቅል ገብስ ምሳሌ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ገብስ አብቃይ ነው። በደብረ ብርሃን የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች ይገኛሉ። የቢራ ጥሬ ዕቃ የሆነው ብቅል የሚሠራው ከገብስ ስለሆነ፣ የገብስ ግዥ የጥራት መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ያስረዳል።

ለብቅል የሚሆን ገብስ በኩንታል ዋጋ ብቻ አይገዛም። እህሉ ሕያው መሆንና መብቀል አለበት፤ ካልበቀለ ብቅል አይሆንም። ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ በላይ ሲሆን ቢራው ይደፈርሳል፣ ከእህሉ የሚገኘው የስኳር መጠንም ይቀንሳል። እርጥበቱ ከበዛ በመጋዘን ይሻግታል። ፍሬው እኩል ካልሆነም እኩል አይበቅልም። በኩንታል ዋጋ ብቻ የሚመዘን ገዥ እነዚህን ቢያልፍ የሚከፍለው ብቅል አምራቹ ነው።

የጥራት መለኪያው ገበሬውንም ይነካል። እህሉ የሚመዘንበት መስፈርት አስቀድሞ ካልተነገረው፣ መኪና ተከራይቶ ያመጣው ገብስ በሩ ላይ ሲመለስ ኪሳራው የእርሱ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመትም ስንዴ ወይም ባቄላ ሊዘራ ይችላል። ስለዚህ ተመላሽ ዕቃ ሲቆጠር ስንት ተመለሰ ብቻ ሳይሆን ለምን ተመለሰ የሚለውም ይመዘገባል። በየዓመቱ ተመላልሰው የሚሸጡ ገበሬዎች ወይም የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ብዛት እና ለአቅራቢ በውሉ ቀን የተፈጸመ ክፍያ ድርሻ ከግዥ ክፍል መለኪያዎች ጋር ቢካተቱ ጠቃሚ ናቸው።

በመንግሥት ተቋማት

የግል ድርጅት የግዥ መመሪያውን ራሱ ያወጣል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የፌዴራል ተቋማት ግን በሕግ የተወሰነ ሥርዓት ይከተላሉ። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታን መደበኛ ዘዴ አድርጎ፣ ውስን ጨረታን፣ የዋጋ ማቅረቢያን፣ የሁለት ደረጃ ጨረታንና ከአንድ አቅራቢ መግዛትን ለተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቅድ ነበር። ክልሎች የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው።

በመንግሥት ግዥ ከዋጋ፣ ከጊዜና ከጥራት በተጨማሪ ግልጽነት፣ አድልዎ አለመኖርና ተጠያቂነት ይለካሉ። ለአንድ ጨረታ በአማካይ ስንት ተጫራች ቀረበ፣ ከጠቅላላው ግዥ ስንቱ በግልጽ ጨረታ ተፈጸመ፣ ስንት ቅሬታ ቀረበ፣ በዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ከተያዘው ስንቱ ተገዛ የሚሉት የተለመዱ አመልካቾች ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ የሚፈጸም ግዥ ድርሻም የዕቅድ ጥራት ምልክት ነው። የፌዴራል መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት እየሰፋ ሲሄድ እነዚህን ቀኖችና ቁጥሮች ከወረቀት መልቀም ሳያስፈልግ ማውጣት ይቻላል።

የመለኪያዎች ጉድለት

የእንግሊዙ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ሐሳብ የወጣ አንድ መርሕ አለ፦ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። በግዥ ሥራ ይህ በተለያየ መልክ ይታያል።

• ቁጠባ ብቻ ሲሸለም፣ የበጀት ግምቱ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል፤ በመደበኛ ዋጋ የተገዛውም «ቁጠባ» ይባላል።
• ፍጥነት ብቻ ሲሸለም፣ ሠራተኛው የሚያውቀውን አንድ ሱቅ ብቻ ይመላለሳል።
• የሦስት ፕሮፎርማ ብዛት ብቻ ሲቆጠር፣ ሦስቱም ወረቀቶች ከአንድ ባለቤት ሊመጡ ይችላሉ።
• የገንዘብ ጣሪያ ሲኖር፣ አንድ ግዥ ከጣሪያው በታች እንዲሆን ይከፋፈላል።
• የመጋዘን ክምችት መቀነስ ብቻ ሲለካ፣ አስፈላጊ መለዋወጫ ሳይቀር ያልቃል።

ሌላው ጉድለት ከኦዲት ጋር የተያያዘ ነው። ኦዲተር በቀላሉ የሚያገኘው ውድ የተገዛ ዕቃና የጎደለ ፕሮፎርማ ነው፤ ዕቃ ዘግይቶ የታጣው ምርት በግዥ ፋይሉ ውስጥ አይገኝም። በዚህ የተነሣ ከተጠያቂነት ለመዳን የሚፈልግ ሠራተኛ ሁልጊዜ ርካሹን መምረጥና ውሳኔን ማቆየት ይቀለዋል። የማሽን መቆምና የዕቃ ማለቅ ወጪ በግዥ ክፍሉ ሪፖርት ውስጥ ጎን ለጎን እንዲገባ የሚደረገው ይህን ሚዛን ለማስተካከል ነው። ለጥራት ብሎ ከፍ ባለ ዋጋ የገዛ ሠራተኛም ምክንያቱን በጽሑፍ የሚያሳይበት መንገድ ያገኛል።

መረጃ አያያዝና ስሌት

ትንሽ ድርጅት ልዩ ሶፍትዌር ሳይገዛ በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ መጀመር ይችላል። እያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ረድፍ ይይዛል። ዓምዶቹም የመጠየቂያ ቁጥር፣ የጠየቀው ክፍል፣ የመጠየቂያ ቀን፣ የማዘዣ ቀን፣ የውል ቀን፣ የርክክብ ቀን፣ የታዘዘ ብዛት፣ የተመለሰ ብዛት፣ መነሻ ዋጋ፣ የተከፈለ ዋጋና አቅራቢ ናቸው። ቀኖች በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ መመዝገብ አለባቸው። የውጭ አቅራቢ ደረሰኝ በግሪጎሪያን፣ የአገር ውስጡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተቀላቀሉ የቀን ስሌቱ ይፈርሳል። የአንድ አቅራቢ ስም በተለያየ ፊደል ሲጻፍ («ሥላሴ» እና «ስላሴ») ኮምፒውተር እንደ ሁለት አቅራቢ ስለሚቆጥረው ለእያንዳንዱ አቅራቢ መለያ ቁጥር መስጠት ይመከራል።

አማካይም ሊያሳስት ይችላል። ሰባት ትዕዛዞች በ8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13 እና 140 ቀን ቢገቡ አማካያቸው 29 ቀን ነው፤ በመካከል የሚገኘው ቁጥር ግን 11 ነው። ክፍሉ በተለምዶ በ11 ቀን ይሠራል፤ አንዱ ትዕዛዝ ግን የተለየ ችግር ገጥሞታል። ሁለቱንም ቁጥሮች ማቅረብና የ140 ቀኑን ምክንያት ለብቻው መመርመር ከአንድ አማካይ የበለጠ ይጠቅማል።

ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት መለኪያ አይሠራም። ፒተር ክራልጂክ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ዕቃዎችን በወጪያቸው ክብደትና በአቅርቦታቸው አስተማማኝነት በአራት ከፍሏል። በቀላሉ የሚገኙና ብዙ ወጪ ያላቸው ዕቃዎች በዋጋ፣ አቅርቦታቸው የሚያሠጋ ደግሞ በጊዜና በአስተማማኝነት ይመዘናሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን ያቀረቡትና በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ቢኤስሲ እየተባለ የሚታወቀው የውጤት ምዘናም የገንዘብ ውጤትን ከተገልጋይ እርካታ፣ ከውስጥ አሠራርና ከሠራተኛ ዕድገት ጋር አብሮ ይመዝናል። ለግዥ ክፍል ተገልጋዩ ዕቃውን የጠየቀው የሥራ ክፍል ነው።

ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ መለኪያዎች ለአንድ ክፍል በቂ ናቸው። በየወሩ ተሰልተው ከጠያቂ ክፍሎች፣ ከንብረትና ከሒሳብ ክፍል ጋር በአንድ ስብሰባ ሲታዩ፣ የዘገየው ወይም የተበላሸው ዕቃ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደነበረ መለየት ይቻላል። መጠየቂያው ዘግይቶ ወይም ዝርዝር መግለጫው ጎድሎ ከመጣ ጉድለቱ የጠያቂው ክፍል እንጂ የግዥ ክፍሉ ስላልሆነ፣ ያ ጊዜ ከግዥ ክፍሉ ውጤት ተቀንሶ ይሰላል።